ማን አባሮሽ ነው?

በአገራችን ሩጫ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። መልእክተኛ ወረቀት ይዞ ሮጧል። እረኛ ከብቱ ሰው ማሳ ሲገባበት ሮጧል። ተማሪ ደወሉ እንዳይቀድመው ሮጧል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር፣ ማታም ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፤ ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱ በዓለም አደባባይ ሲሮጥም እንደታጠፈ መቅረቱን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓመቱ የመጨረሻ ምሽት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ደግሞ ያ ሁሉ ምክንያት ተጠቅልሎ ወርቅ ሆነ። የሚሮጥ ሰው ስናይ ዓይናችን ሜዳሊያውን ይፈልጋል። ሜዳሊያ ከሌለ የሚያሳድደውን እንፈልጋለን።

ስለዚህ ማንም ሳያባርረው፣ እሱም ማንንም ሳያባርር፣ በላብ ተጠምቆ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመለስ ሰው ግራ ያጋባል። ይህ ዓይነቱ ሰው በከተሞቻችን እየበዛ የመጣው በቅርብ ጊዜ ነው። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ታላቁ ሩጫ አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ወደ አሥር ሺህ ሰው ወጣ፤ ውድድሩን ያሸነፈው ኃይሌ ራሱ ነበር። ከኋላው የተከተለው ሕዝብ ግን እንደማያሸንፍ ገና ከቤቱ ሲወጣ ያውቅ ነበር። እኔን የሚገርመኝ የፊተኛው ሳይሆን ያ የኋለኛው ሕዝብ ነው። እኔም ከዚያው ወገን ነኝ።

የምሮጠው ሐዋሳ ውስጥ፣ ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቶ ወደ አሞራ ገደል በሚያመራው የውኃ ዳር መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ በተካበው ግድብ ላይ ስለሚያልፍ፣ ሯጩ ከውኃውም ከከተማውም ጥቂት ከፍ ብሎ በሁለቱ መካከል ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሩጫ አይመችም፤ ፍቅረኞች፣ ፎቶ አንሺዎች፣ ቆሎ ሻጮችና ለሽርሽር የመጡ ቤተሰቦች ይሞሉታል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግን ሌላ አገር ነው። ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ከሰል እያያያዙ፣ ጀልባዎች ሲመሽ የተጣለውን መረብ ሰብስበው እየገቡ፣ አባ ኮዳዎቹ በአንድ እግራቸው ቆመው የዓሣ አንጀት የሚጣልበትን ሰዓት እየጠበቁ ነው። ወፍ ሆኖ ለመብረር ይህን ያህል የሚሰንፍ አላየሁም። ከመንጋቱ በፊት ከሣሩ ወደ ውኃው የሚመለስ ጉማሬ ሊያጋጥም ይችላል ስለሚባል ሰማዩ ሳይገለጥ አልወጣም። ያ እንስሳ ክብደቱን ይዞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ እኔ ያን ፍጥነት በሕልሜም አላየሁትም።

እውነተኞቹ አትሌቶችም በዚያ ሰዓት ከታቦር ተራራ ወርደው ያልፋሉ። ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ በአንድ ረድፍ ሆነው፣ የእግራቸው ድምፅ ሳይሰማ መጥተው ሳይሰማ ይሄዳሉ። መጀመሪያ አካባቢ እንዳይታዘቡኝ አፍር ነበር። በኋላ ስገነዘብ ጭራሽ አያዩኝም። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።

ያዩኝ አንድ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ ናቸው። ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር፤ ሳልፍ ቀና አሉና «የኔ ልጅ፣ ማን አባሮሽ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አላባረረኝም አባባ፤ ለጤናዬ ነው።»

«እንዴ፣ ታመሻል?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«ደኅና ከሆንሽማ ምን አስሮጠሽ!»

ሳቅሁና አለፍኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ሮጠ። ለጤና ነው የሚለው መልስ አፌ ላይ የተገኘው ሳላስበው መሆኑ ራሱ ነገር አለው። ለመዝናናት የሚሮጥ ሰው በዛሬው መልኩ ወደ ዓለም የመጣው በመድኃኒትነት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አርተር ሊዲያርድ የተባለው የኒውዚላንድ አሠልጣኝ፣ አትሌት ያልሆኑ ሰዎችን፣ ከእነሱም መካከል የልብ ሕመምተኞችን፣ ኦክላንድ ውስጥ ቀስ እያሉ እንዲሮጡ ማለማመድ ጀመረ። የአሜሪካው አሠልጣኝ ቢል ቦወርማን ሊጎበኘው ሄዶ አብሯቸው ቢሮጥ፣ በዕድሜ እጅግ የሚበልጠው ሽማግሌ ጥሎት ሄደ። ቦወርማን አገሩ ተመልሶ ልምዱን አስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ከአንድ ሐኪም ጋር የጻፈው መጽሐፍም በብዛት ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሯጩ «ለምን?» ሲባል ሐኪሙን ይጠራል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ሩጫ ልብን ያጠነክራል፤ ደም ግፊትንም ስኳርንም ለመቆጣጠር ያግዛል። ግን የእኔ ምክንያት እሱ ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ጥቅም የሚሰጥ እንክብል በተገኘ ማግስት ጫማዬን ለሰው በሰጠሁ ነበር። አልሰጥም። እንግዲህ ሽማግሌውን ዋሽቻቸዋለሁ ባልልም አልመለስኩላቸውም።

ለጤና ካልሆነ ድካሜ ፍሬ የለሽ ይመስላል። ፍሬ የሌለው ድካም ምን እንደሆነ በሚገባ ያጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ የእስር ቤት ሹሞች። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእስረኞች አንድ መሣሪያ ሠራ። በአግድም የተጋደመ ትልቅ ተሽከርካሪ ነው፤ ዙሪያውን ደረጃ ተገጥሞለታል። እስረኞቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ደረጃውን ይረግጣሉ፤ በረገጡት ቁጥር ወደ ታች ይዞርባቸዋል፤ ስለዚህ ሲወጡ ይውላሉ እንጂ ከነበሩበት ከፍ አይሉም። በአንዳንዱ እስር ቤት ተሽከርካሪው እህል ይፈጭ ወይም ውኃ ይስብ ነበር። በሌላው ግን ከነፋስ በቀር የሚፈጨው አልነበረም፤ እስረኛው ነፋስ ሲፈጭ ውሎ ማታ ወደ ክፍሉ ይገባል። ጸሐፊው ኦስካር ዋይልድ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲታሰር በዚህ መሣሪያ ላይ ወጥቷል። መሣሪያውን የእንግሊዝ ሕግ የሻረው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። የመሣሪያው የልጅ ልጅ፣ መሮጫ ማሽኑ፣ ዛሬ ቦሌ ጂም ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል፤ ሰው በየወሩ እየከፈለ ይወጣበታል።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ የመጣልኝ ቀላሉ መልስ «ልዩነቱ ነፃነት ነው» የሚል ነበር። እስረኛው ተገዶ፣ እኛ ወደን። ግን በቂ አይደለም። ጂም ገብተው መሮጫ ማሽን ላይ የሚወጡ ጓደኞቼ ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሆኖም ዓይናቸው ከደቂቃ ቆጣሪው አይነሣም፤ ሲያልቅ ከእስር እንደ ተፈታ ሰው ይወርዳሉ። ወደው የገቡበትን ይጠሉታል። ፈቃድ ብቻውን ድካምን ደስታ አያደርገውም ማለት ነው። የጎደለው ሌላ ነገር አለ።

አርስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው የሰውን ተግባር በሁለት ይከፍላል። ቤት መሥራትን የመሰለ አለ፤ ግቡ ከራሱ ውጭ ነው። ሰው ቤት እየሠራ ሳለ ገና አልሠራም፤ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ሥራው የለም። ማየትን፣ ማሰብን፣ መኖርን የመሰለ ደግሞ አለ፤ ሰው ሲያይ በዚያው ቅጽበት አይቷል፤ ቀሪ የለበትም። አርስቶትል ከቦታ ወደ ቦታ መሄድን ከፊተኛው ጋር መደበው። ወደ ገበያ ለሚሄድ ሰው ፍርዱ ትክክል ነው፤ መንገዱ የገበያው ዕዳ ነው፤ ባጭር ቢቀር ይመረጣል።

የእኔ መንገድ ግን አሞራ ገደል ሳይደርስ አንዲት ዋርካ ጋ ይመለሳል። ዋርካዋ ሥር የሚጠብቀኝ የለም። የምሰጠውም የምቀበለውም ነገር የለም። ዞሬያት እመለሳለሁ፤ አለቀ። ባጃጅ በጥቂት ብር ሊያደርሰኝ ይችላል፤ ግን ባጃጁ ከወሰደኝ ዋርካዋ ጋ ደረስኩ ማለት ትርጉም የለውም። መንገዱ ለመድረሻው ሲባል አልተፈጠረም፤ መድረሻው ነው ለመንገዱ ሲባል የተመረጠው። በርናርድ ሱትስ የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታ ማለት አስፈላጊ ያልሆነ እንቅፋትን ወዶ ለማለፍ መሞከር ነው ብሎ ይከራከራል። የዋርካዋን ነገር ከዚህ በተሻለ የገለጸ አላገኘሁም። ሆኖም አንድ የሚጨመርበት ነገር አለ፦ ዋርካዋ ከምር መያዝ አለባት። ከእሷ ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ብመለስ የሚከሰኝ የለም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ይጎድለኛል። ምንም እንዳልሆነች የማውቃትን ዛፍ ዋና ነገር አድርጌ መያዝ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማወቅ፣ ይህ ሕፃናት ሳይማሩት የሚችሉትና አዋቂ በትግል የሚያገኘው ችሎታ ይመስለኛል። መሮጫ ማሽኑ ላይ ዋርካ የለም። ያለው ቁጥር ነው።

ፍሬው የማይታይ የሰውነት ድካም ለእኛ ባዕድ ነው ብዬ ግን አላምንም። በሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ስቅለት ዕለት ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ነፍሰ ጡሯ ሳትቀር ይሰግዳሉ፤ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ከግንባር የሚወርደው ላብ ከእኔ ላብ አይለይም፤ በማግስቱ ጭን ላይ የሚሰማው ሕመምም ያው ነው። ንስሐ አባት 41 ስግደት ቀኖና ሲሰጥ ቅጣት ይመስላል፤ ያው ስግደት በፍቅር ሲሰገድ ደግሞ ስጦታ ነው። ያ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያልገባው ይህ ነው፤ አንዱን ድካም ከሌላው የሚለየው የሚቀበለው አካል ነው። ሰጋጁ ድካሙን የሚያቀርብለት አለው። ሲጨርስ ድካሙ የት እንደ ደረሰ ያውቃል።

የሯጩስ ለማን ይቀርባል? እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ብዙ ተጨቃጭቄአለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር ላገናኘው ብሞክር ሐሰት ይሆንብኛል፤ እየሮጥኩ አልጸልይም፤ ጸሎት ስጀምር ሳላውቀው እርምጃ መቁጠር ውስጥ እገባለሁ። የዘመኑ ሯጭ ግን ተቀባይ አግኝቷል፤ እጁ ላይ ያሰራት ሰዓት። ኪሎ ሜትሩን፣ የልብ ምቱን፣ ፍጥነቱን ትቀበለዋለች፤ ለወዳጅ ዘመድም ታሳይለታለች። ባትሪዋ ሞቶ «ዛሬ የሮጥኩት ባከነ» ሲል የሰማሁት ሯጭ አለ። እግሩ ሮጧል፣ ሳንባው ሠርቷል፣ ሐይቁን አይቷል፤ ግን ተቀባይ ስላልነበረ ባክኗል። ነፋስ የሚፈጨው እስረኛ ቢያንስ ነፋስ እየፈጨ መሆኑን ያውቅ ነበር። እኔ ሰዓት መያዝን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ያስፈልገዋል። ለእኛ ለኋለኞቹ ግን ያመለጥነውን ጉዳይ መልሳ የምትጭንብን ትመስለኛለች። ከአለቃ፣ ከቀጠሮና ከሪፖርት ሸሽተን ሐይቅ ዳር ወጣን፤ ሪፖርት የሚቀበል ክንዳችን ላይ አስረን።

ሽማግሌው ወንድ ሯጭ ቢያዩ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ። ምናልባት «በርታ! ኃይሌ!» ይሉት ነበር። በመንገድ ላይ የምትታይ ሴት ሁልጊዜ የያዘችው ነገር አለ፤ ጀሪካን፣ እንጨት፣ ልጅ፣ ዘንቢል። ያልያዘች እንደሆነም ልትይዝ እየሄደች ነው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ለአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር፤ ከእሷ ወዲህ ሴት ልጅ ለወርቅ ስትሮጥ የሚከለክላት የለም፤ ለአገር ነዋ። ለምንም ስትሮጥ ግን፣ ባዶ እጇን፣ ማንም ሳይልካት፣ ያ ገና ሰበብ ይጠየቅበታል። እናቴ በእኔ ዕድሜ ለራሷ ብቻ የሄደችበት መንገድ ይኖር ይሆን? ጠይቄያት «ቤተ ክርስቲያን» አለች፤ ትንሽ አሰበችና «እሱም ለእናንተ ልጸልይ ነው» አለች። እንግዲህ እኔ በባዶ እጄ ስሮጥ ደስ የሚለኝ ነገር ውስጥ ይህም አለበት። ወርቅ የያዘ እጅም ባዶ አይደለም።

ሩጫ ሐሳብ ያፈልቃል ይባላል። እኔ ዘንድ አልሆነም። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ እንደ አዲስ አበባ ትንፋሽ ባታሳጥርም፣ ዳገት ሳይኖርም ደረትን ሥራ ታበዛበታለች። ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ የቤት ኪራዩም፣ የቢሮው ነገርም፣ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይጠፋል። የሚቀረው ትንፋሽ፣ የጫማ ኮቴ፣ ወደ ቀኝ የሚበራ ውኃ ነው። ይህን ባዶነት ከፍ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ ከፍ ላደርገው አልፈልግም፤ ሰውነት ሥራ ሲበዛበት አእምሮ ወሬ መቀነሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሩጫ ከእርምጃ የሚለየው በፍጥነት አይደለም። በእርምጃ ውድድር ደንብ ተራማጁ፣ ለዓይን እስከሚታይ ድረስ፣ አንድ እግሩ ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፤ ሯጭ ግን በየሁለቱ እርምጃ መካከል ሁለቱም እግሮቹ ከመሬት ይነሣሉ። የዓለም ባለ ክብረ ወሰንም፣ እኔም፣ ከጥጃ የሚሸሽ ሕፃንም በዚህ እኩል ነን። ጊዜው በጣም አጭር ነው፤ ሰው ሊሰማው አይችልም። ሆኖም ሲደጋገም ከሩጫው ውስጥ የማይናቅ ድርሻ ያህል መሬት ሳንነካ ነው የምናልፈው። ለዚህ ለዚህስ ምክንያት የሚጠይቅ የለም።

ስለ ሐይቁ የምወደው አንድ እውነት አለ። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መውጫ ያጣ ሐይቅ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ጨውና ሶዳው ይቀራል፤ ሻላንና አቢጃታን የቀመሰ ያውቃል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን በመውጫ የለሽነቱ ልክ ጨዋማ አልሆነም፤ ቆሮሶውም አምባዛውም ይኖርበታል። አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው ውኃው ዓይን በማያየው መንገድ ከመሬት በታች እየሾለከ እንደሚወጣ ይገምታሉ። ይህን ወደ ራሴ ማዞር እንደሚያምረኝ አልደብቅም፤ የእኔም ድካም ወዴት እንደሚፈስ የሚያሳይ ወንዝ የለውም፤ ግን በሮጥኩበት ቀን ሰው ሲናገር አቋርጬ አልገባም። የታክሲ ሰልፍ አያናድደኝም። ይህን በማስረጃ ላቀርብ አልችልም፤ ሰዓቷም አትመዘግበውም።

ለአንድ ክስ ግን እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በግምት አንድ ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል፤ በፍጥነት ሮጠም በዝግታ፣ ልዩነቱ ትንሽ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ ማለት 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል አጠፋ ማለት ነው፤ አንድ ደኅና ምሳ። ሽማግሌው ያን ያህል ጉልበት ሲያወጡ ጀልባቸው ዓሣ ይዞ ይገባል። እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ የ1977 ዓ.ም.ን ረሃብ በዓይኗ አይታለች። መሮጤን መጀመሪያ ስትሰማ ያለችኝ «ያበላሁሽን ልትጥዪው ነው የምትሮጪው?» ነው። ስለ ልብ ጤና ነገርኳት። ስለ አርስቶትል አልነገርኳትም። ጉልበት ተርፎት የሚደፋ ሰው፣ ጉልበት ያጣ ሰው ባለበት አገር፣ ነፃነቴ ነው ብሎ ብቻ ሊያልፍ አይገባውም። ምቾት ነው፤ ምቾት መሆኑን ማመን ግዴታ ነው። መተው ግን መፍትሔ አይደለም፤ እኔ ቁጭ ባልኩ ማንም አይጠግብም። በዚህ መካከል የቆመውን ነገር ወዲህም ወዲያም ማድረግ አልቻልኩም።

ባለፈው እናቴ ልትጠይቀኝ ሐዋሳ መጥታ ሳለች አብራኝ ወጣች። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች፤ ቁርስ በሳሕን ቋጥራ ይዛለች። ዞሬ ስመለስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ደርሰሽ መጣሽ?»

«አዎ።»

«ማንን አገኘሽ?»

«ማንንም። ዋርካ ነው ያለው።»

«በይ እጅሽን ታጠቢና ብዪ» አለች ቋጠሮውን እየፈታች፤ «ዋርካ እንደሆነ አላበላሽም።»